ከወንዙ ማዶ ያሉት የቀፎ ዛፎች

አሞጽ መተኛት ነበረበት። ሌሊቱን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ሲያጥብና ሲተኩስ ያደረ ሰው ጠዋት አልጋው ላይ ከወደቀ ቀና የሚለው ማታ ነው፤ እሱ ግን ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ያቺን ሴትዮ ይሰማል፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም፣ እሺ እመቤት ሰማሁ፣ እንደገና ይደውላል፣ እንደገና እሷው ናት፣ አትሰለችም እንዴ ይቺ ሴት? የአባቱ ስልክ አይገባም፣ የእህቱ የአጸደ ስልክ ዝግ ነው፣ አገር ቤት፣ ሸኮ፣ ዝናብ ይሆናል፣ ሐምሌ ነዋ፣ በሐምሌ እነሱ ሰፈር ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ካልተወጣ በቀር ስልክ ማለት ኪስ የሚያስረዝም ድንጋይ ነው፤ እዚህ ደግሞ፣ በዚህች በሰሜን ጀርመን የወደብ ከተማ፣ ሐምሌ ማለት ፀሐይ አልጠልቅም ብላ እልህ የምትጋባበት ወር ነው፣ መጋረጃውን ደራርቦ ቢሰቅለውም ብርሃኑ በጎን እየገባ ፊቱ ላይ ይተኛል። ብርሃኑ ተኝቷል፣ እሱ አልተኛም። ልቡ ድው ድው ይላል። ፈርቷል፤ ምን ይደበቃል፣ ፈርቷል።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ ሲወጣ ባቡር ጣቢያው ላይ አጸደ ትናንት የላከችው የድምፅ መልእክት ገባለት። «ወንድሜ ሰላም ነህ ወይ፣ ብደውል ብደውል አልገባ አለኝ። አባዬና የሰፈሩ ሰዎች ጸሎት ቤቱ ግቢ ተሰብስበው ሲመክሩ ዋሉ። ነገ ጠዋት ወንዙን ተሻግረው የቀፎ ዛፎቹን ሊቆርጧቸው ነው። ዛፉ ከሌለ ጫካው ውስጥ ገብታችኋል የሚለን አይኖርም ብለዋል። አባዬ ደግሞ ልጄ ነው የነገራችሁ፣ ስለዚህ የእኔን አስቀድሜ እጥላለሁ አለ። አንተ ምን ትላለህ? ቶሎ ደውልልኝ፣ ባትሪዬ ሊያልቅ ነው።» በቃ፣ ይኸው ነው መልእክቱ፤ ነገ ያለችው ዛሬ ነው፣ ጠዋት ያለችው አሁን ነው፣ እዚያ እንዲያውም ከዚህ አንድ ሰዓት ይቀድማል። አሞጽ ባቡር ውስጥ ቆሞ ደጋግሞ ሰማው። ዛፍ ከቆረጡ አለቀላቸዋ! ፈረንጆቹ በሳተላይት ከሰማይ ሲፈልጉ የከረሙት ዛፍ የቆረጠ ሰው ነው። እስከ ዛሬ አባቱ ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረ ሽማግሌ ነበር፣ መጥረቢያውን ካነሳ ግን ጥፋተኛ ይሆናል፣ ያውም በጥብቅ ደን ውስጥ፣ ቡናውን ማንም አይገዛውም፣ እሱንም እስር ቤት ይከቱታል፣ እስር ቤት እርጥብ ነው፣ የአባዬ ደረት ደግሞ እርጥበት አይችልም፣ ሲያስለው ይታየዋል፣ ጥግ ላይ ኩርምት ብሎ ሲያስለው። ደውል አሞጽ፣ ደውል እንጂ። የደወሉላቸውን ደንበኛ።

ነገሩ የጀመረው በግንቦት ነው። አውሮፓ አዲስ ሕግ አወጣ ተባለ፣ ጫካ ተመንጥሮ የተተከለ ቡና ድርሽ እንዳይል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ገበሬ ማሳው የት እንደሆነ በስልክ ተለክቶ ይላክ። ከሚዛን የመጣው ወጣት ባለሙያ አንድ ቀን ሲዞር ዋለ፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ዝናብና አልቅት አስመረሩት፣ እና ስልክ ያላቸውን ልጆች ሰብስቦ፣ ይህችን ነካ አድርጋችሁ የማሳችሁን ዳር ዳር ዙሩ፣ ስትጨርሱ ይህችን ንኩ፣ በቃ፣ ብሏቸው ሄደ። አጸደ ወዲያው ወደ ወንድሟ ደወለች። የት ትደውል ታዲያ? ሕጉ የፈረንጅ፣ ወንድሟም ያለው ፈረንጅ አገር። አሞጽ የዚያን ጊዜ ማሽኖቹ መሃል ቆሟል፣ ጆሮው በማሽን ጩኸት ደንቁሯል፣ አለቃው በመስታወቱ በኩል ታየዋለች፣ በሥራ ሰዓት ስልክ ክልክል ነው፣ ጆሮው ስር ሸጉጦ ይሰማታል። «ቡናውን ብቻ ነው የምዞረው ወይስ የአባዬ የሆነውን ሁሉ?» «የአባዬ የሆነውን ሁሉ፣» ይላል፣ «እነዚህ ሰዎች ያልተመዘገበ ነገር አያምኑም።» «የቀፎ ዛፎቹንስ? ወንዙን ተሻግረው ያሉትን?» እዚህ ላይ፣ እዚህች ላይ ነበር ዝም ማለት። እዚህች ላይ ነበር አላውቅም፣ ባለሙያውን ጠይቂው ማለት። አሞጽ ግን አለቃው ብቅ ስትል አየና ነገሩን ቶሎ ለመጨረስ፣ «እነሱስ የእኛ አይደሉም እንዴ? አውቃለሁ ስልሽ፣ ጨምሪያቸው» አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

እውነትም የእነሱ ናቸው። በእነ አሞጽ አገር አንድ ዛፍ ላይ መጀመሪያ ቀፎ የሰቀለ ሰው የዛፉ ጌታ ነው፣ ጫካው የማንም ይሁን፣ የመንግሥት ይሁን፣ የጅብ ይሁን፣ ዛፉ የእሱ ነው፣ ከእሱ ለልጁ፣ ከልጁ ለልጅ ልጁ፣ ሌላ ሰው በዚያ ዛፍ ላይ ገመድ ቢወረውር ሽማግሌ ይቀመጣል። ወንዙ ማዶ ባሉት ሦስት የቀረሮ ዛፎች ላይ መጀመሪያ ቀፎ የሰቀለው የአባዬ አያት ነው። ማን ጠየቀ፣ ማን ተከራከረ? ታዲያ አጸደ የቡናውን ዳር ጨርሳ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወንዙን ተሻግራ፣ በጥብቁ ደን ውስጥ ለውስጥ ሄዳ፣ ሦስቱን ዛፎች ዞራ ተመለሰች፣ ስልኩም የዋህ ነው፣ ያለፈችበትን ሁሉ የአባቷ የአቶ ኢሳይያስ የቡና ማሳ ብሎ አሰመረው። ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ጎረቤት አየ፣ እነ አሞጽ ቤት እንዲህ አደረጉ፣ ልጁ ከዚያው ከሕጉ አገር ነው የነገራቸው፣ ተባለ፤ ሰፈሩ በሙሉ ወንዙን ተሻገረ። መበለቷ የዓለምዘርፍ እንኳ፣ ቀፎዋን ጦጣ ካወረደው ብዙ ዘመን የሆናት ሴትዮ፣ ዛፌ አይቅርብኝ ብላ በምርኩዝ ዞረች። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ አሞጽ አንድ ቀበሌ ሙሉ ለቀለቀ።

ግን አላውቅም እንዴት ይባላል? እስቲ እናንተው ንገሩት። ሰው ባሕር ተሻግሮ አላውቅም ይላል? ሦስተኛ ክፍል ሳለ መምህሩ ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ ሰቅለው፣ በዱላቸው ወደ ላይኛው እየጠቆሙ ያደጉ አገሮች፣ ወደ ታችኛው እየጠቆሙ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ሲሉ፣ አሞጽ እጁን አውጥቶ፣ መምህር እኛ መቼ ነው አድገን የምንጨርሰው ብሎ ክፍሉን አሳቀው፣ መምህሩም ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ አንተ ቀጥ ብለህ ተማር፣ አንተ ትደርሳለህ አሉት። ይኸው ደረሰ። ወደ ላይኛው ወጣ። ከወጣ በኋላ ከታች ያለው ሰው ሁሉ ወደ ላይ እያንጋጠጠ ይጠይቀዋል፣ ላማችን አትቆምም ምን ይሻላታል፣ ልጄ ነርስነት ትማር ወይስ ሒሳብ ሥራ፣ ጉልበቴን ልቀደድ ወይስ ልተወው፣ ዘንድሮ ዝናቡ ይረዝማል ወይ። ዝናቡን! እዚያው ደጃቸው ላይ የሚዘንበውን ዝናብ! እሱም ይመልሳል፣ ምን ያድርግ፣ መጀመሪያ እያፈረ፣ ኋላ እየለመደው፣ ኋላ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ እየጣፈጠው። በቀን አንድ ጊዜ ሰው የሚሆነው ስልኩ ላይ ነዋ። ሀብታም አገር ማለት ድምፅህን የሚያወፍርልህ አገር ነው፣ አንተ ያው አንተው ነህ፣ ድምፅህ ግን እዚያ ሲደርስ የመንግሥት ድምፅ ይሆናል።

እዚህማ ምን ያውቃል? እዚህ የሚያውቀው መፍራት ነው። ቆሻሻ ሲጥል ይፈራል፣ ወረቀቱ ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ፣ የሙዝ ልጣጩ ለብቻ፣ አንድ ቀን አሳስቶ ጥሎ ከታች ፎቅ የሚኖሩት ሽማግሌ የሻይ ቅጠሉን ከነከረጢቱ አውጥተው በሩ ላይ አንጠልጥለውለት ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሻይ ትቷል። ባቡር ውስጥ ትኬት ተቆጣጣሪ ሲገባ፣ ትኬቱን በእጁ ይዞ ይፈራል። የመኖሪያ ፈቃዱ ገና አልጸናም፣ ስለዚህ ደወል ሲደወል ይፈራል፣ ሳይደወል ሲቀር ደግሞ ለምን ዝም አሉኝ ብሎ ይፈራል። ስልክ ሲያወራ በሹክሹክታ ነው፣ ምክንያቱም ግድግዳው ስስ ነው፣ ከጎን ያለችው ሴትዮ ድምፅ ከፍ ካለ በጉልበቷ ይሁን በጫማዋ እንጃ ግድግዳውን ትመታዋለች፣ አጸደም ሁልጊዜ፣ ወንድሜ አሞሃል እንዴ፣ ምነው ድምፅህ ደከመ ትለዋለች፣ እሱም አይ ስብሰባ ላይ ሆኜ ነው ይላል። ስብሰባ! ከማን ጋር? ከአንሶላው ጋር።

ይነሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይተኛል፣ ይነሳል። ስልኩ ላይ ከሰማይ የተነሳውን የሳተላይት ካርታ ይከፍታል። ይህን ደግሞ ማንም አላስተማረውም፣ ናፍቆት ነው ያስተማረው፣ ገና እንደመጣ ሰሞን በየቀኑ ይከፍተው ነበር፣ ከላይ ሚዛንን ያያል፣ ወደ ቴፒ የሚወስደውን መንገድ በጣቱ ይከተላል፣ ሸኮ ሲደርስ ቀስ ይላል፣ ከዚያ አረንጓዴ ነው፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ፣ ቡናው በዛፍ ጥላ ስር ስለሆነ ከላይ ማሳና ጫካ አይለይም፣ በመሃሉ አንድ የምታበራ ነጥብ አለች፣ የአባዬ ቤት ቆርቆሮ። በጣቱ ሲያሰፋት ትሰፋለች፣ ከአንሶላ የማትበልጥ ቆርቆሮ ከዚህ ሁሉ አገር ማዶ ትታያለች፣ በሩ ግን አይታይም፣ በሩ ላይ የቆመ ሰው አይታይም፣ ቢጮህም አይሰማም። ማየት እንዲህ ነው ከዚህ በኩል። እኛ የእነሱን ቆርቆሮ ከየት እናያለን? የዚህች ከተማ ዙሪያ በአንድ ወቅት ጫካ ነበር አሉ፣ ማን እንደቆረጠው የሚጠይቅ የለም፣ መጥረቢያው ሰማይ ላይ ዓይን ሳይሰቀል ነው ሥራውን የጨረሰው፤ የእኛ አያት ግን ሳይቆርጥ ቢቀር፣ ቀፎ ሰቅሎ ማር ቢበላ፣ ጫካው እስከ ዛሬ ስለቆመ ነው ዛሬ የምንጠረጠረው። ይህን ለማን ይናገራል? ተናግሮስ? ፈቃዱ አልጸናም።

ሰኔ ላይ የቡና ገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ይሄይስ ራሳቸው ደወሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚያው የሸበቱ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። «አሞጽ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ። እንግዲህ ገዢው የእኛን ቀበሌ ቡና ለጊዜው አቆይቸዋለሁ ብሏል። ካርታችሁ ደን ውስጥ ገብቷል ነው የሚለው። የደን ጠባቂዎችም መጥተው ማን ነው ጥብቁ ውስጥ ቡና የተከለ ብለው ጠይቀዋል። አንተ አጥፍተሃል አልልህም፣ አንተ የምታውቀውን ነው የተናገርከው። አሁንም ያንተን ምክር ነው የምንጠብቀው።» ተናደውበት ቢሆን ኖሮ! ሰድበውት፣ አባቱን ረግመው ስልኩን ዘግተውበት ቢሆን ኖሮ ይተኛ ነበር። ምክር እንጠብቃለን አሉት። እሱም፣ እስቲ ልጠይቅና እነግርዎታለሁ አላቸው። ማንን ይጠይቃል? የሻይ ቅጠል የሚያንጠለጥሉትን ሽማግሌ? አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ደርሶ ቀጠሮ አለህ ወይ ሲሉት ተመልሷል። ከዚያ በኋላ የአቶ ይሄይስ ስም ስልኩ ላይ ብቅ ሲል አላነሳም፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ኋላ መደወል ተዉ። ሰው ምክር አጥቶ ዝም አይልም፣ የራሱን ምክር ያወጣል፣ ይኸው አወጡ፣ መጥረቢያ አወጡ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

አሁን ቁርስ በልተዋል። አባዬ ቦቲውን እየጎተተ ነው። አይ፣ ወንዙ ሞልቶ ይሆናል፣ ሐምሌ አይደል፣ ወንዙ ከሞላ አይሻገሩም፣ ጌታ ሆይ ወንዙን ሙላው፣ አባዬን እንዳትወስድብኝ ብቻ፣ ብቻ ሙላው፣ እስከ ጉልበት አይበቃም፣ እስከ ወገብ አድርገው። የአባዬ እጅ ይታየዋል፣ መጥረቢያ ሲይዝ መጀመሪያ መዳፉ ላይ እንትፍ የሚል፣ የገዛ አያቱን ዛፍ በገዛ እጁ ሊጥል፣ ለምን፣ ልጁ እንዳይዋረድ፣ ልጄ ነው የነገራችሁ ብሎ። ይደውላል። አይገባም። ይደውላል። ደንበኛ። ይደውላል፣ ይደውላል፣ እና ጠራ። ጠራ! አሞጽ አልጋው ላይ ብድግ አለ።

«ሃሎ? ሃሎ! ማነው?»

«አባዬ እኔ ነኝ፣ አሞጽ፣ ዛፎቹን...»

«አሞጽ! ጌታ ይባረክ! እንደምን ነህ ልጄ? ጤናህስ? ሥራ እንዴት ነው? ብርዱ በረደልህ?»

«ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን፣ አባዬ ስማኝ...»

«እኛም ደህና ነን፣ እናትህም ደህና ናት። ማዶ ነን፣ እዚህ ከፍታው ላይ ኔትወርክ አለ ለካ! ድምፅህ አይሰማም፣ አሞሃል እንዴ?»

ማዶ ነን አለ። ከበስተኋላው የሰው ድምፅ አለ፣ የብዙ ሰው፣ እና ድው፣ ድው የሚል ነገር። አሞጽ ጮኸ። መቼ እንደጮኸ አያውቅም፣ «አትቁረጡ!» ብሎ ጮኸ፣ ከግድግዳው በኩል ሴትዮዋ መታች፣ «አትቁረጡ አባዬ! ዛፍ መቁረጡ ነው ወንጀሉ! እነሱ የሚፈልጉት የቆረጠውን ሰው ነው!»

«ዛፉ ከሌለማ ወንዙን ተሻገራችሁ የሚለን ማን ነው?»

«ያስሩሃል አባዬ! ቡናውንም ለዘለዓለም አይገዙትም!»

አባቱ በዚያ በረጋ ድምፁ፣ ማታ ማታ ጸሎት በሚያሳርግበት ድምፅ፣ «ልጄ፣ ይህን በርግጥ ታውቃለህ? ያኔም ለአጸደ አውቃለሁ ብለሃት ነበር» አለው። ቁጣ የለውም። ቁጣ ቢኖረው ይሻል ነበር። አሞጽ አዎ ሊል አፉን ከፈተ፣ አዎ እኮ ለምዶታል፣ በራሱ ነው የሚወጣው፤ ዛሬ ግን አላወጣውም።

«ያኔ አላውቅም ነበር» አለ። «ዋሸሁ አባዬ። እኔ እዚህ ምንም አላውቅም። ማንም ሰው አያናግረኝም። ሌሊት ሌሊት አንሶላ አጥባለሁ፣ ቀን ቀን እፈራለሁ። ሁሉን ነገር ነው የምፈራው። ብቻ ዛፉን አትንኩ፣ በጌታ!» ግድግዳው ተመታ፣ ይመታ፣ እንባው አንገቱ ድረስ ወርዷል።

«አንሶላ?»

«አዎ፣ አንሶላ።»

«ይኸ ነው ስብሰባው?» አለ አባቱ፣ እና ትንሽ ሳቅ አለ፣ ሳቅ ይሁን ሳል አይለይም። ከዚያ፣ «ፈርቻለሁ ነው የምትለው?»

«ፈርቻለሁ።»

«እኛም ፈርተን ነው መጥረቢያ ያነሳነው። እኔማ አንተ እዚያ ሆነህ የማትፈራ መስሎኝ ነው የተደፋፈርኩት።» ከዚያ ስልኩን ከአፉ ሳያርቅ በሸኮ ቋንቋ ጮኸ፣ ተዉ፣ ቁሙ፣ ውረዱ፣ አለ፤ ሰዎቹ ተንጫጩ፣ አንድ ድው ተሰማ፣ ከዚያ ሌላ አልተሰማም። አሞጽ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ቆሙ። ጌታ ሆይ፣ ቆሙ።

«አሞጽ፣» አለ አባቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንዱ ወድቋል። የእኛው፣ ትልቁ። አሁን አንተ ከመደወልህ በፊት ነው የወደቀው። ሲወድቅ ሌሎቹንም ትንንሾቹን ይዟቸው ወደቀ፣ ሰማዩ ወለል ብሏል። ንቦቹ እላያችን ላይ ናቸው። ሰዎቹ ኮባ ቆርጠን እናልብሰው ይላሉ፣ የቆረጥነው ቦታ ላይ ኮባ ብናነጥፍ አረንጓዴ ይመስላል፣ ከላይ አይለዩትም ይላሉ። አንተ ምን ትላለህ? ያዩታል?»

አሞጽ ያቺን ቆርቆሮ አሰበ። ኮባ በሳምንቱ እንደሚደርቅ አሰበ፣ ጥርት ባለ ቀን ከላይ እንዴት እንደሚታይ አሰበ፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ መሃል አንድ ቡናማ ቀዳዳ። ለስንት ነገር ሲጠየቅ አውቃለሁ ብሎ ነበር፣ ለላሟም ለጉልበቱም ለዝናቡም፤ ይህችን አንዲቷን ግን ከዚህ በኩል ሆኖ በዓይኑ ያውቃታል፣ ምነው ባላወቀ። አባቱ እየጠበቀ ነው፣ ትንፋሹ ይሰማል፣ ሰዎቹም እየጠበቁ ነው።

«ያዩታል፣ አባዬ» አለ።

«ያዩታል?»

«ያዩታል።»

አባቱ ለሰዎቹ ነገራቸው። ከዚያ አሞጽ የአባቱን ድምፅ ሰማ፣ ከስልኩ ራቅ ብሎ፣ ለሰዎቹ ነው፣ «እንግዲያው ኮባውን ተዉት። መጥረቢያችሁን ይዛችሁ ተሻገሩ፣ እኔ እዚሁ ቁጭ እላለሁ። ማን ነው የቆረጠው ብለው ሲመጡ ኢሳይያስ ነው በሉ፣ ብቻውን ነው በሉ፣ ልጁም ተው ብሎት ነበር በሉ።»

«አባዬ!» አለ አሞጽ፣ «አባዬ፣ አይሆንም!»

«ሰማሁህ ልጄ» አለ አባቱ ወደ ስልኩ ተመልሶ። «በል አሁን ተኛ፣ ማታ ሥራ አለብህ።»